በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለምትገኙ፣ ጉርምስና ለጀመራችሁ ልጆቼ

የነርስነት ዘመኔን ያሳለፍኩት በባሕር ዳር ጤና ጣቢያዎች ነው። በእነዚያ ዓመታት ወደ እኔ ከመጡት ወጣቶች መካከል በጉርምስናው በራሱ የታመሙት ጥቂቶች ነበሩ፤ የበዙት ለውጡን ለመደበቅ ወይም ለማስቆም ብለው፣ ማንንም ሳያማክሩ፣ በወሰዱት መፍትሔ የተጎዱ ናቸው። ይህን የምጽፍላችሁ ከእናንተ አንዳችሁም በዚያ መንገድ እንዳትጎዱ አጥብቄ ስለምመኝ ነው።

ጉርምስና በሴቶች አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 13፣ በወንዶች ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ስታዛቸው የሴቷ የእንቁላል ዕጢዎች ኢስትሮጅንን፣ የወንዱ የዘር ፍሬዎች ደግሞ ቴስቶስትሮንን በብዛት ማመንጨት ይጀምራሉ። ጊዜው ይህን ያህል ሰፊ ስለሆነ፣ አንድ ዴስክ ላይ ከሚቀመጡ ሁለት የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች የአንዱ ጢም ብቅ ሲል የሌላው ፊት ገና የልጅ ፊት ቢሆን ሁለቱም ጤነኞች ናቸው።

ብጉር የሚወጣው በዚህ ጊዜ በሴትም በወንድም የሚጨምሩት እንደ ቴስቶስትሮን ያሉ ሆርሞኖች የቆዳችንን የቅባት ዕጢዎች ስለሚያነቃቁ ነው። ፊትን ጠዋትና ማታ በለስላሳ ሳሙና መታጠብና ብጉሩን አለማፍረጥ ብዙውን ያቃልላል። ፀጉራችሁን ቅቤ የምትቀቡ ሴቶች፣ በሚያዝያ ሙቀት ቀልጦ ወደ ግንባራችሁ የሚወርደው ቅቤ የቆዳን ቀዳዳ ይደፍናልና ከግንባራችሁ ጥረጉት። ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛውን የፊት ቅባት ነው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ፊቷን በነጠላ ሸፍና መጣች፤ ነጠላውን ስታነሳ ጉንጮቿ ቀልተው፣ ቆዳው ሳስቶ ደም ሥሮቹ ይታዩ ነበር፣ አገጯም ላይ ፀጉር አብቅሏል። ለብጉር ብላ ስትቀባው የከረመችው ቤታሜታዞን የተባለ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳን መቆጣት የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት፣ ነበር። መጀመሪያ ፊቷን አጠራላት፤ ስታቆመው ባሰባት፤ ስለባሰባት ደግሞ መልሳ ተቀባችው። ቆዳዋ እስኪያገግም ብዙ ወራት ፈጀ።

የወር አበባ የሚመጣው ጡት ማጎጥጎጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየ21 እስከ 45 ቀኑ እየተለያየ ቢመጣ፣ ከ2 እስከ 7 ቀንም ቢቆይ የተለመደ ነው። በእነዚያ ቀናት ቤተ ክርስቲያን አለመግባት የሃይማኖት ሥርዓት ነው፤ ከትምህርት ቤት ቅሩ የሚል ሥርዓት ግን የለም፤ እናቶችም ይህን እንድትረዱልኝ እለምናችኋለሁ። ሞዴሱ ባይሞላም በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ቀይሩት። ጨርቅ የምትጠቀሙ በንጹሕ ውኃና በሳሙና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ሰው እንዳያየው ተብሎ ፍራሽ ሥር የሚደበቅ እርጥብ ጨርቅ ጀርም ያፈራል። ሐይቁ ዳር ወርዳችሁ አትጠቡት፣ በጣና ውኃ ውስጥ በቆዳ በኩል የሚገባው የቢልሃርዝያ ትል አለና። ብልታችሁን ከውጭ በውኃ መታጠብ ይበቃል፤ ውስጡ ራሱን ስለሚያጸዳ ሳሙናም ሎሚም አታስገቡ። ደም ማነስ እንዳይዛችሁ ምስርና ጎመን አዘውትራችሁ ብሉ፤ ሻይና ቡና በምግቡ ውስጥ ያለው፣ ሰውነት ደም የሚሠራበት አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከምግብ ጋር አትጠጧቸው።

ወንዶች ልጆቼ ደግሞ ከሴቶቹ የባሰ ዝም ትላላችሁ። ከወንዶች ግማሽ ያህሉ በጉርምስና ጊዜ በጡታቸው ጫፍ ሥር ትንሽ የሚያም እብጠት ያወጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ በራሱ ይጠፋል። በዚያ ሙቀት ጃኬቱን አላወልቅም ያለ ልጅ አውቃለሁ፤ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር የነገረው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ያን ሁሉ ጊዜ ባልተጨነቀ ነበር። ድምፅ የሚጎረንነው የድምፅ አውታሮች ስለሚረዝሙና ስለሚወፍሩ ነው፤ ዜማ የምትማሩ ዲያቆናት፣ ድምፃችሁ ሲሰባበር አታስገድዱት፣ በወራት ውስጥ ይረጋጋል። ሕልመ ሌሊትም፣ ማለትም በእንቅልፍ ላይ የዘር ፈሳሽ መውጣት፣ ያለፈቃድ የሚመጣ እንጂ በሽታ አይደለም፣ አቅምም አያሳጣም። ለላብና ለጠረን በየቀኑ ታጥቦ ልብስ መቀየር ይበቃል።

በሴት ልጅ እስከ 13 ዓመቷ ጡት ካላጎጠጎጠ፣ ወይም እስከ 15 ዓመቷ የወር አበባ ካልመጣ፣ በወንድ ልጅም እስከ 14 ዓመቱ ምንም ለውጥ ካልታየ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ታዩ። ደም ከ7 ቀን በላይ ከቆየ ወይም ሞዴሱን በየሰዓቱ የሚያስቀይር ከሆነ አትዘግዩ። አንድ ነገር ግን እስኪነጋ እንኳ አይጠብቅም፤ የዘር ፍሬ በድንገት ክፉኛ ካመመ ተጠምዝዞ ደም ተቋርጦበት ሊሆን ይችላል፣ እሱን ለማዳን ያለው ጊዜ ደግሞ 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሌሊት ቢሆንም አባትህን ወይም እናትህን ቀስቅሰህ የት ቦታ እንደሚያምህ በግልጽ ንገራቸው፤ በቀጥታም ወደ ሆስፒታል ሂዱ።