ሳይንስ የገባኝ መንዝ ላይ በግ ስንመዝን ነው

ሰላም ወንድሜ። ታናሽ እህትህ 11ኛ ክፍል ልትገባ ነው፤ ተፈጥሮ ሳይንስ ትግባ ወይስ ማኅበራዊ ግራ ገብቷችኋል። «ሳይንቲስት የሚሆኑ ሰዎች ከልጅነታቸው ያውቁታል ወይ? እሷ እኮ ይህ ነው የሚባል ህልም የላትም» ብለህ ጠይቀሃል። ከላይ የመለሱልህ ሰዎች ብዙዎቹ «ፍላጎቷን ጠይቃት» ብለዋል። ጥሩ ነው፤ ግን ያላየችውን ነገር እንዴት ትፈልገዋለች? እኔ በሥራ የማውቃቸው ተመራማሪዎች አብዛኞቹ ሳይንስን መርጠው አልገቡም። ከገቡ በኋላ ነው የወደዱት።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። በኛ ጊዜ ጎበዝ ተማሪ ከተባልክ ሕክምና ነው፣ እሱ ካልሆነ ኢንጂነሪንግ። ከዚያ ውጭ ያለውን የሚነግርህ የለም። ተመራማሪ የሚባል ሰው በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። የማውቀው መምህር፣ የጤና ባለሙያና የግብርና ሠራተኛ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ የዲፓርትመንት ምደባ ሲወጣ እንስሳት ሳይንስ ደረሰኝ። ቤት ስደውል አባቴ «በግ ለማገድማ እዚሁ ነበርክ እኮ!» አለኝ። ምን ልመልስለት? በበግ እሱን የሚያህል አዋቂ የለም።

ነገሩ የተለወጠው ለተግባር ልምምድ ተመልሼ መንዝ ስወጣ ነው። ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ከደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር የመንዝን በግ ዘር ያሻሽላሉ። ከውጭ ዝርያ አምጥተው አይደለም፣ ከራሳቸው መንጋ ውስጥ እየመረጡ ነው። ግልገሉ ሲወለድ ይመዘናል፣ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፣ ስድስት ወር ገደማ ሲሆነው ደግሞ ይመዘናል። የኔ ሥራ ሚዛኑን ማንበብና መዝገብ ላይ መጻፍ ነበር። የመንዝን የጠዋት ብርድ ታውቀዋለህ፤ ጣት እስክሪብቶ አይጨብጥም። ጠቦቱ ይንፈራገጣል፣ የሚዛኑ መርፌ አልረጋ ይላል፣ ባለቤቱ ጋቢውን ወደ ኋላ ጥሎ «ያዘው! ያዘው!» ይላል።

አንድ ቀን ከሁሉም የከበደውን ጠቦት መዝነን ስንለቀው ባለቤቱ ፈገግ ብለው «ይቺ ለፋሲካ ናት» አሉ። ለሳቸው ጥሩ ዜና ነው፤ ገበያ ላይ ደህና ያወጣል። እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። ቶሎ ያደገው ለበዓል ከተሸጠ፣ መንጋው ውስጥ አውራ ሆኖ የሚቀረው ማን ነው? ሳያድግ የቀረው! ይህ ዓመት በዓመት ሲደጋገም ዘሩ ወዴት ይሄዳል? ማኅበሩ የተቋቋመውም ለዚሁ ነው። ምርጡ ጠቦት ሳይሸጥ ይቆይና አባላቱ በጋራ ለአውራነት ይጠቀሙበታል።

ይህን ስሰማ ሌላ ጥያቄ መጣ። ጠቦቱ የከበደው በዘሩ ነው ወይስ የእናቱ ወተት በዝቶለት? ብቻውን የተወለደና መንታ የተወለደ እኩል ይወዳደራሉ እንዴ? መልሱ ያለው እኔ ራሴ ስጽፍበት በዋልኩት መዝገብ ውስጥ ነበር። የልደት ዓይነት፣ የእናትየው ዕድሜ፣ የተወለደበት ወቅት፣ ሁሉም ተመዝግቧል። እነዚህን በስሌት ከፋፍለህ ስታወጣ የዘሩ ድርሻ ይታይሃል። ይህን እስካውቅ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ሙያውን የመረጥኩት ያኔ ነው ብል ይቀለኛል፤ ምደባው ግን ቀደም ብሎ ወጥቷል።

ታላላቆቹም ቢሆኑ መንገዳቸው ቀጥ ያለ አይደለም። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ኢንጂነሪንግ ሊማሩ አስበው ነበር፤ ወደ ግብርና ያዞሯቸው እናታቸው ናቸው። አቀንጭራ የሚባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት እሳቸው ናቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ ደግሞ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በሽታውን የሚያስተላልፉት እነዚያው ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንዶድ ልብስ እንደሚያነጣማ የኛም እናቶች ያውቃሉ። እሳቸው «ለምን ሞቱ?» ብለው ተከታተሉት።

ስለዚህ እህትህን «ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» እያላችሁ አታስጨንቋት። ምን እንደሚከነክናት ተመልከት። ባቄላው ላይ እብጠት ሲወጣ ቅጠሉን ገልብጣ ታያለች? የእርሻ ባለሙያ ሲመጣ ጠጋ ብላ ትሰማለች? ከቻልክ አንድ ቀን መንዝ ውስጥ ያለው የጓሳ ጥብቅ ቦታ ይዘሃት ውጣ። ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን የሚያጠኑ ሰዎች ካገኛችሁ ቀኑን ሙሉ ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ ትጠይቃቸው። ብዙው ሥራ ቁጭ ብሎ ማየትና መጻፍ ነው። ያ ካልሰለቻት ጥሩ ምልክት ነው።

ደሞዙን አልደብቅህም፣ አያወላዳም። መስክ ለመውጣት መኪና የምትጠብቅበት ቀን ብዙ ነው፤ የሰበሰብከውን ናሙና የምትመረምርበት ኬሚካል የሚጠፋበትም ጊዜ አለ። ይህን ቀድማ ትወቀው።

ማኅበራዊ ከገባች በኋላ ግን ወደነዚህ ሙያዎች መመለሱ ከባድ ነው። እስካሁን ካልቆረጠች ተፈጥሮ ትግባ ባይ ነኝ። ሒሳብ ላይም አግዟት። የኔ ሥራ ከበጉ ይልቅ ቁጥሩ ይበዛል፤ አብረውኝ ከተመደቡት ብዙዎቹን ያስመረራቸው ስታትስቲክስ ነው። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ሒሳቧን በዚህ ክረምት ትከልሰው። ያቃታት ነገር ካለ እዚሁ ጻፍልኝ፣ ማታ ማታ እመልሳለሁ።