ታቲያና ሳሞይሎቫ፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሩሲያዊቷ የፊልም ተዋናይት ታቲያና ሳሞይሎቫ ጠይቁኝ ባልኳችሁ መሠረት ጥያቄዎቻችሁ ደርሰውኛል። ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፦ ለማናውቃት ሰዎች፣ ማን ናት?

በ1934 ሌኒንግራድ ተወለደች። አባቷ የቭጌኒ ሳሞይሎቭም ስመ ጥር ተዋናይ ነበር። እሷን ዓለም ያወቃት ግን በ1957 ሚካኢል ካላቶዞቭ ባዘጋጀው «ሌትያት ዡራቭሊ» (በእንግሊዝኛ The Cranes Are Flying) በተሰኘው ፊልም ነው፤ ቬሮኒካ የምትባለውን ዋና ገጸ ባሕርይ ተጫወተች። ፊልሙ በ1958 በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ዋናውን ሽልማት፣ ወርቃማውን ዘንባባ አሸነፈ።

ጥያቄ፦ ፊልሙን አይቼዋለሁ። ቬሮኒካ ፍቅረኛዋን ከዳች እኮ! ምኗ ነው የሚደነቀው?

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ፍቅረኛዋ ቦሪስ ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈቃዱ ዘመተ። ወላጆቿ በአየር ድብደባ አለቁ። እሷም የቦሪስን የአጎት ልጅ አገባች። በጊዜው የሶቪየት የጦርነት ፊልም የለመደው ሳትናወጥ የምትጠብቅ ሴት ነበር። ሳሞይሎቫ ግን የምትወድቅ ሴት አሳየችን።

የሆስፒታሉን ትዕይንት ደግመሽ እይው። እጮኛው ሌላ ያገባችበት ቁስለኛ አልጋው ላይ ይጮኻል። ዋናው ሐኪም የቦሪስ አባት ነው። ቁስለኛውን ሊያጽናና ብሎ እንዲህ ያሉ ሴቶችን በሁሉም ፊት ያወግዛል። ቬሮኒካ እዚያው ቆማ ትሰማለች። አንድ ቃል አትናገርም፤ ሁሉም ነገር ፊቷ ላይ ነው። ከዚያ ራሷን ልታጠፋ ወደ ባቡር ሐዲዱ ትሮጣለች። መንገድ ላይ መኪና ሊገጨው የነበረ ሕፃን ታተርፋለች። ስሙን ስትጠይቀው ቦሪስ መሆኑን ይነግራታል። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም ሆዴ ይባባል።

ጥያቄ፦ ዘማቾቹ የሚሸኙበት ትዕይንት እንዴት ተቀረጸ?

የካሜራው ባለሙያ ሰርጌይ ኡሩሴቭስኪ ነው። ካሜራውን በእጁ ይዞ አውቶቡስ ውስጥ ከቬሮኒካ ጋር ተቀመጠ። ስትወርድ አብሯት ወረደ፣ ሕዝቡን እየሰነጠቀ ተከተላት። በመጨረሻ ክሬን ላይ ወጥቶ ከፍ ሲል፣ ቬሮኒካ በታንኮች መሃል ስትሮጥ እናያለን። ይህ ሁሉ ሳይቆረጥ ነው። ዛሬም ብዙ የፊልም ሰው ይማርበታል።

ጥያቄ፦ እንዲህ ጎበዝ ከነበረች ለምን ሆሊውድ አልሄደችም?

ከካን በኋላ ከውጭ ጥሪ መጥቶላት ነበር። ግን ውሳኔው የእሷ አልነበረም፤ መንግሥት አልፈቀደም። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜዋ፣ በሥራዋ ጫፍ ላይ ሳለች በር ተዘጋባት። «ጥቂት ፊልም ብቻ ሠራች» ብሎ የሚወቅሳት ሰው ይህን ይወቅ።

ጥያቄ፦ «አና ካሬኒና»ስ?

ከቶልስቶይ ልብ ወለድ የተሠራ፣ የ1967 የአሌክሳንደር ዛርኺ ፊልም ነው፤ ሳሞይሎቫ አናን ሆና ተጫወተች። የአናን ፍቅረኛ ቭሮንስኪን የተጫወተው ቫሲሊ ላኖቮይ፣ ቀድሞ የሳሞይሎቫ ባል የነበረና የተፋቱ ሰው ነው። ባሌሪናዋ ማያ ፕሊሴትስካያም አለችበት። ለእኔ የአናን ኩራትና ሕመም አንድ ላይ ያሳየች ሳሞይሎቫ ናት።

ጥያቄ፦ መጨረሻዋ እንዴት ሆነ?

ከዚያ ወዲያ ትልልቅ ሚና ብዙም አላገኘችም። በ1993 የሩሲያ ሕዝብ አርቲስት የሚለው ማዕረግ ተሰጣት። ግንቦት 4 ቀን 2014፣ ልክ 80 ዓመት በሞላት ዕለት ሞስኮ ውስጥ አረፈች።

ጥያቄ፦ ከየቱ ልጀምር?

ከ1957ቱ። ቀጥለህ ያው ካላቶዞቭና ኡሩሴቭስኪ ከእሷ ጋር የሠሩትን፣ አልማዝ ፈላጊዎች በሳይቤሪያ ጫካ እሳት የሚከበቡበትን ፊልም እይ። «አና ካሬኒና»ን ሰፋ ያለ ጊዜ ስታገኝ ተመልከተው፤ ረጅም ነው።