ባሌ ከቲክቶክ አልነሳ አለኝ፣ ምን ላርግ?

እህቴ፣ የጻፍሽልኝን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ባለቤትሽ ከሥራ ገብቶ ራቱን እንኳን በቅጡ ሳይበላ አልጋ ላይ ተጋድሞ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ቲክቶክ ሲያይ ያመሻል፣ ስታወሪው "እህ" ብቻ ነው፣ የ4 ዓመት ልጃችሁ ስልኩን ብትነካበት ጮኸባት፣ አንቺም ስልኩን ልሰብረው ነው ብለሻል፣ ሱስ ነው ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

እባክሽ እንዳትሰብሪው። ነገ ሌላ ይገዛል፣ ቂሙ ግን መሀላችሁ ይቀራል።

ሱስ ነው ወይ ላልሽው፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ የጌም ሱስ ገብቷል፣ የአጭር ቪዲዮ ግን አልገባም፣ ስለዚ ስሙ ላይ አንከራከር። አያያዙ ግን ከባድ ነው፣ ቪዲዮው ማለቂያ የለውም፣ አስሩ አሰልቺ ሆኖ 11ኛው ያስቃል፣ የሚያስቀው መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ ጣት ዝም ብሎ ስክሮል ያረጋል፣ ቁማርም ሰውን የሚይዘው በዚሁ መንገድ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ መጨረሻ ላይ እንደዋዛ የጻፍሽው ነገር ነው። እናቱ ግንቦት ላይ አረፉ፣ ሲቀበሩ አላለቀሰም፣ ሠልስት እንዳለፈ ሥራ ገባ፣ ቲክቶኩ ደሞ ከሰኔ ወዲህ ነው የባሰበት። እኛ ጋ ወንድ ልጅ ድንኳን ሲያስተክል ለቀስተኛ ሲያስተናግድ ይውላል፣ ሁሉም "በርታ" ብሎት ይሄዳል፣ አልቅስ የሚለው የለም። ሀዘኑ ሌሊት ቤቱ ጭር ሲል ነው የሚመጣው፣ ያኔ ስልኩ መሸሸጊያ ይሆነዋል። እሱን በአካል ስላላገኘሁት እርግጠኛ ነኝ አልልሽም፣ ግን ከዚህ ጀምሪ።

ስለ ስልኩ ለጊዜው ተይው። ቅዳሜ ቡና አፍልተሽ ስለ እናቱ ጠይቂው፣ ልጅ እያለ ምን ይሠሩለት እንደነበር፣ በምን ይቆጡት እንደነበር። ካለቀሰ "በቃ በቃ" አትበዪው፣ አጠገቡ ቁጭ በዪ። ሳምንት ቆይታችሁ ቻርጀር ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን ይውጣ፣ ያንቺም ጭምር፣ የሱ ብቻ ከሆነ ቅጣት ይመስለዋል። ሌሊቱን 8 ሰዓት ተኝቶ 12 ሰዓት የሚነሳ ሰው ለልጅ ትዕግስት ከየት ያመጣል?

"መኖር ሰለቸኝ" ዓይነት ነገር ከሰማሽ ግን ቅዳሜን አትጠብቂ፣ ብቻውን አትተዪው፣ በዛው ቀን አማኑኤል ወይም ሳይካትሪ ክፍል ያለው ቅርብ ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ፣ ሰው ምን ይለናል እንዳትዪ።