ከደሴ ተነስቶ የባሕር ጃርት አጥኚ መሆን ይቻላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል። ደሴ የምትኖሪ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነሽ። ስለ ባሕር ጃርት፣ እሾኽ ስለሸፈነው ክብ የባሕር እንስሳ፣ የሚያሳይ ቪዲዮ አይተሽ ልብሽ እዚያው ቀረ። አባትሽ ግን «ባሕር በሌለበት አገር ይሄ ምን እንጀራ ይሆናል? ጤና ግቢ» አሉሽ።

የአባትሽ ስጋት ተገቢ ነው። የእንጀራ ጥያቄ ነውና የእንጀራ መልስ ይፈልጋል። ቢሆንም ሐሳብሽን ተይው አልልሽም። መንገድሽን ደሴ አጠገብ ባለው፣ ስሙም «ሐይቅ» በሚባለው ሐይቅ በኩል አድርጊው ነው የምልሽ።

መጀመሪያ ሙያው ምን እንደሚመስል እንይ። የባሕር ጃርት አፉ ከሥሩ ነው። በአምስት ጥርሶቹ ድንጋይ ላይ የበቀለውን አልጌ እየፋቀ ይበላል። በካሪቢያን ባሕር ዓሣ ያለ ልክ ሲጠመድ አልጌ የሚበሉት ዓሦች ተመናመኑ። ማጽዳቱ ሁሉ እሾኸ ረጅሙ ጥቁር ጃርት ላይ ወደቀ። በ1983 እ.ኤ.አ. ፓናማ አካባቢ በሽታ ገባ፤ በአንድ ዓመት ግድም ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት አለቁ። አልጌው ኮራሉን፣ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡትን ድንጋይ መሰል ነገር፣ ዋጠው። የዚያ በሽታ መንስኤ በጊዜው አልታወቀም። በ2022 እ.ኤ.አ. ሌላ እልቂት ሲመጣ ግን ተመራማሪዎች ተረባርበው የዚህኛው መንስኤ በዓይን የማትታይ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት መሆኗን ደረሱበት። በቀጣዩ ዓመት ሰሜን ቀይ ባሕር ላይም ጃርቶች በገፍ ሞቱ።

ኬንያ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። ጃርት የሚበሉት ዓሦች ተጠምደው ሲያልቁ ጃርቱ ተራባ፤ ኮራሉን ራሱ ይቦረቡር ጀመር። ሲያንስም ሲበዛም ጣጣ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ውኃ ውስጥ ይወርዳል፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ፍሬም ድንጋዩ ላይ ያስቀምጣል፤ ውስጡ ያሉትን ጃርቶች አንድ በአንድ ቆጥሮ ይጽፋል። ፍሬሙን ፈቀቅ አድርጎ እንደገና ይቆጥራል። ቪዲዮው ላይ የማይታየው ይሄ ነው፤ ይሄን ከወደድሽው ሙያውን ወደድሽው ማለት ነው።

የባሕር ጃርት ጨው በሌለው ውኃ አይኖርም፤ ሐይቅ ላይ አታገኚውም። ጥያቄው ግን እዚያም ያው ነው፦ አልጌውን ማን ይበላዋል? ቆሮሶ የሚባለው አልጌ የሚበላ ዓሣ ወደ ሐይቅ የገባው በሰው እጅ ነው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ.። ከዚያ ወዲህ በውኃው ላይ የታየውን ለውጥ የሚያጠኑ የአገራችን ሰዎች አሉ። ይሄ ሁሉ ከቤትሽ በታክሲ የሚደረስበት ቦታ ነው ያለው።

ስለዚህ ባዮሎጂ ምረጪ፤ ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የዓሣና የውኃ ሳይንስ ትምህርት አለ፣ እሱን ከፊት አድርጊው። ስታቲስቲክስን አትናቂ፤ የተቆጠረው ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው። ለአባትሽ እውነቱን ንገሪያቸው፦ «የባሕር ባዮሎጂስት» የሚል የሥራ ማስታወቂያ እዚህ አገር ቦርድ ላይ አይለጠፍም። በዚህ ዲግሪ ግን ዓሣ ሀብት ላይ የሚሠሩ የመንግሥት ቢሮዎች፣ ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ይቀጥራሉ። ቦታው ብዙ አይደለም፤ ውጤትሽ ጥሩ መሆን አለበት።

ባሕሩ በማስተርስ ይመጣል። የዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ የባሕር ሳይንስ ተቋሙ ዛንዚባር ነው፤ ሞምባሳም የኬንያ የባሕር ምርምር ተቋም አለ። ጂቡቲማ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ የሚወርደው መኪና ሁሉ የሚሄድባት ናት፤ ኮራልም አላት። ስኮላርሺፕ ስትጠይቂ በሐይቅ ላይ የሠራሽው የመመረቂያ ጽሑፍ ከየትኛውም የድጋፍ ደብዳቤ በላይ ይናገርልሻል።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ዋና ትችያለሽ? ካልቻልሽ ከፈተና በኋላ ባለው ክረምት ከሚያውቅ ሰው ጋር ተማሪ። ሐይቅ ጥልቅ ነው፤ ብቻሽን እንዳትገቢ።