የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዋይፋዩ ሞልቶ ኢንተርኔቱ ሲጠፋ

ጥያቄ፦ ስልኬ ላይ የዋይፋይ ምልክቱ ሙሉ ነው፣ ግን ምንም ነገር አይከፍትም። ሞልቶ እያለ እንዴት አይሠራም? (ከአዳማ)

መልስ፦ ያ ምልክት የሚነግርዎት ከስልክዎ እስከ ራውተሩ፣ ማለትም ዋይፋዩን እስከሚረጨው ሳጥን፣ ያለውን ብቻ ነው። ቤትዎ ውስጥ ሁለት ግንኙነት አለ። አንዱ በፋይበር ወይም በስልክ ሽቦ ከውጭ እስከ ሳጥኑ የሚገባው ነው፤ ኢንተርኔቱ የሚመጣው በዚህ ነው። ሁለተኛው ሳጥኑ በሬዲዮ ሞገድ ለስልክዎ የሚያቀብለው ነው፤ ዋይፋይ የሚባለው ይኼኛው ነው። ከዋናው መስመር ውኃ ሲጠፋ የግቢዎ ቧንቧ ተበላሸ አይባልም፤ ይህም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታዩት የሳጥኑ መብራቶች ናቸው። መስመርዎ ፋይበር ከሆነ «ፒ ኦ ኤን» የተጻፈበት መብራት ሳይርገበገብ አረንጓዴ መሆን አለበት። «ኤል ኦ ኤስ» የሚለው ቀይ ከሆነ ከውጭ የሚመጣው ብርሃን ሳጥኑ ጋ አልደረሰም ማለት ነው። ይህን ማጥፋትና ማብራት አይፈታውም። ቀጭኑ ገመድ በቡፌ ተጭኖ ወይም በበር ተቆልምሞ እንደሆነ ይዩ። ውስጡ መስታወት ስለሆነ ሲታጠፍ ብርሃኑ ያመልጣል፤ ትርፉን ሲጠቀልሉ ጥቅልሉ ከቡና ሲኒ አፍ እንዳይጠብ ያድርጉ። ጫፉን ነቅለው ወደ ዓይንዎ አያስጠጉ፤ ብርሃኑ አይታይም እንጂ ዓይን ሊጎዳ ይችላል። ገመዱ ደህና ከሆነ ለአቅራቢው ደውለው «ኤል ኦ ኤስ ቀይ ሆኗል» ይበሉ። «ኢንተርኔት እምቢ አለ» ከማለት ይህ ይሻላል፤ ቴክኒሻኑ ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል።

መብራቶቹ ደህና ከሆኑ ሳጥኑን ከሶኬት ነቅለው 30 ሰከንድ ይቆዩ፣ መልሰው ሰክተው ደግሞ 3 ደቂቃ ይታገሡ። ሂሳብ ሳይከፈል ሲቀርም መብራቱ ሳይለወጥ አገልግሎቱ ሊዘጋ ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንለምናለን፦ ከኋላ ባለችው ቀዳዳ መርፌ አስገብተው «ሪሴት»ን አይጫኑ። ማጥፋትና ማብራት ሌላ፣ ሪሴት ሌላ ነው። ሪሴት ቴክኒሻኑ የሞላውን የመስመሩን መለያ ስምና የይለፍ ቃል ጭምር ሊያጠፋ ይችላል። ያን ጊዜ የደቂቃ ችግር የቀናት ይሆናል።

ጥያቄ፦ የ10 ሜጋ ፓኬጅ እከፍላለሁ። ፊልም ሳወርድ ግን ኮምፒውተሩ 1.2 ሜጋ ይላል። ቀሪው የት ገባ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የትም አልገባም፤ ሁለቱ «ሜጋዎች» አንድ አይደሉም። የመስመር ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋ ቢት በሰከንድ ነው። የፋይል መጠን የሚለካው ደግሞ በሜጋ ባይት ነው። 8 ቢት 1 ባይት ስለሚሆን 10ን ለ8 ያካፍሉ፤ 1.25 ይመጣል። ጥቂቱን ዳታው ራሱ አድራሻውን ለመሸከም ይወስደዋል፤ ስለዚህ 1.2 ማየትዎ መስመሩ ሙሉ እየሠራ መሆኑን ያሳያል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ትንሿ ቢ ቢት፣ ትልቋ ቢ ባይት ናት። 700 ሜጋ ባይት ፊልም በዚህ መስመር ወደ 10 ደቂቃ ይወስዳል።

ፍጥነቱን በትክክል መለካት ከፈለጉ ኮምፒውተሩን በገመድ ከሳጥኑ ጋር ያገናኙ፣ ሌሎች ስልኮችን ከዋይፋዩ ያስወጡ። በስልክ ከመኝታ ቤት ከለኩ ያገኙት ቁጥር የመስመሩ ይሁን የግድግዳው አይለይም።

ጥያቄ፦ ራውተሬ ሁለት ስም ያወጣል፣ አንዱ መጨረሻው ላይ «5ጂ» ይላል። ከስልኩ 5ጂ ጋር አንድ ነው? ደግሞ ከጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት አንዱም አይደርስም። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አንድ አይደለም። የስልኩ 5ጂ አምስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ነው፤ የራውተሩ ግን 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ነው። ሌላኛው ስም 2.4 ጊጋኸርዝ ነው። 5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ያዳክመዋል። 2.4ቱ ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግን ይጨናነቃል፤ ብሉቱዝም፣ ሥራ ላይ ያለ ማይክሮዌቭም እዚያው ሰፈር ናቸው። ሳሎን ከሳጥኑ አጠገብ ሲሆኑ 5ቱን፣ ጓዳ ሲገቡ 2.4ቱን ይያዙ። አሮጌ ስልክ 5ቱን ጨርሶ ላያየው ይችላል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆኑ የጎረቤት ራውተር ስለሚበዛ የ2.4ቱን ቻናል፣ ማለትም ራውተሩ የሚጠቀምበትን የሞገዱን ክፍል፣ 1፣ 6 ወይም 11 ያድርጉት፤ እርስ በርሳቸው የማይደራረቡት እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ሰርቪስ ቤትዎ በቆርቆሮ የተሠራ ከሆነ ሞገዱ እንደማያልፍ ቁርጡን ይወቁት፤ ብረት ይመልሰዋል። ብዙ ሰው ሪፒተር፣ ማለትም የዋይፋዩን ምልክት ተቀብሎ የሚደግም መሣሪያ፣ ገዝቶ ኔትወርክ በሌለበት ክፍል ይሰካና ይናደዳል። ሪፒተር ያልሰማውን አይደግምም፤ ቦታው ምልክቱ ገና ጥሩ በሆነበት መሐል መንገድ ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ በአንድ ሬዲዮ ተቀብለው በዚያው ስለሚያስተላልፉ ፍጥነቱን በግማሽ ገደማ ይቀንሳሉ። ለእርስዎ ግቢ የምንመክረው የኔትወርክ ገመድ ነው፦ ካት 5ኢ የሚባለው እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሄዳል። ከቤት ውጭ ስለሚያልፍ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ያሳልፉት፤ ጫፉ ላይ ሌላ ራውተር «አክሰስ ፖይንት» በሚለው አሠራር፣ ማለትም በገመድ የመጣውን በዋይፋይ ብቻ እንዲያሠራጭ፣ አስተካክለው ይሰኩ።

ጥያቄ፦ ፓስወርድ ቀይሬም ጎረቤት ይገባብኛል። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በራውተሩ መቆጣጠሪያ ውስጥ «ደብሊው ፒ ኤስ» የሚለውን፣ ማለትም ያለ ፓስወርድ የሚያገናኘውን አቋራጭ፣ ያጥፉት፤ በ8 አኃዝ ቁጥር ስለሚከፍት ፓስወርድዎ ቢረዝምም በዚያ በኩል ሊገባ ይችላል። የጥበቃውን ዓይነት «ደብሊው ፒ ኤ 2» ወይም «3» ያድርጉ፤ «ደብሊው ኢ ፒ» ከሆነ አሁኑኑ ይለውጡት። የራውተሩን መቆጣጠሪያ መግቢያ ፓስወርድም፣ ማለትም ሳጥኑ ሥር የተለጠፈውን፣ አብረው ይቀይሩ። ከቤተሰቡ አንዱ አዲሱን የይለፍ ቃል ከስልኩ ላይ በኪውአር ኮድ፣ ማለትም በካሜራ በሚነበብ ምልክት፣ ለጎረቤት ሊያጋራ እንደሚችልም አይዘንጉ።