መጀመሪያ ባሌስትራውን አውርድ፤ ሞተሩ ይቆይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ይህ ነው፦ ባሕር ዳር አባይ ማዶ ባለው ግቢህ ውስጥ የፊት አክስሉ ወጥ የሆነ፣ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው የድሮ ሃይሉክስ ፒክአፕ ቆሞልሃል። ከመንገድ ውጭ ለሚደረግ ውድድር እንዲሆን ቤትህ ልትሠራው አስበሃል፤ ሥራውን ሞተር በመቀየር ልጀምር ወይስ በሌላ ትላለህ። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች የተከራከሩት ስለ ሞተር ብቻ ነው። አንዱ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ግዛ ይላል፣ ሌላው ቱርቦ፣ አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባውን መሣሪያ፣ ግጠምበት ይላል። በእኔ እምነት ሞተሩ የመጨረሻው ሥራ ነው። መልሴ ረዘም ስለሚል ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ።

ይህን የምልህ እኛም ሽንብጥ አካባቢ ባለ ግቢ ከታናሽ ወንድሜና ከአንድ ጎረቤት በያጅ ጋር ተመሳሳይ መኪና ስለሠራን ነው። የእኛም ኤልኤን 106 የሚባለው፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርበው መኪናውን የሚሸከሙ የብረት ቅጠሎች፣ ያለው ሃይሉክስ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ከዚህ የተሻለ መነሻ በእኛ አገር ማግኘት ይከብዳል። ሻንሲው የመሰላል ቅርጽ ስላለው በቀላሉ ይለካል፣ ይበየዳል፤ መለዋወጫውም ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ እስከ ባሕር ዳር ጋራዦች አይጠፋም።

የሞተሩን ነገር ልጨርሰውና ወደ ዋናው ልሂድ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ስለሚያጣ፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 90 የፈረስ ጉልበት ገደማ የነበረው ያንተ ሞተር እዚህ ሲደርስ ቢበዛ 75 ነው፤ ያውም ጤነኛ ከሆነ። በዚያ ላይ 33 ኢንች ጎማ ካሰርክበት፣ ጎማው ከፋብሪካው ጎማ (ልኩ 7.00-16) በ8 በመቶ ገደማ ስለሚተልቅ፣ መሬት ላይ የሚደርሰው የመግፋት ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ መኪናው ደካማ ነው ማለትህ እውነት ነው።

ግን ኮረኮንች ላይ ፍጥነትህን የሚወስነው ሞተሩ አይደለም። ፔዳሉን እንድትለቅ የሚያስገድድህ መኪናው መዝለሉና መሪው ከእጅህ ማምለጡ ነው። 90 ፈረስ ይዘህ ጎማህ መሬት ካልነካ፣ 200 ቢኖርህም ጎማው በአየር ላይ በፍጥነት ይሽከረከር እንደሆነ እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። የዳካርን የበረሃ መኪና ውድድር ተመልከት። የኳታሩ ሾፌር ናስር አል-አቲያህ በሃይሉክስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019፣ በ2022 እና በ2023 አሸንፏል። ያ መኪና ካንተው ጋር ከስሙና ከመልኩ በቀር የሚጋራው ነገር ጥቂት ነው፤ አጽሙ ከቱቦ የተሠራ ነው፣ አራቱም ጎማዎቹ ለየብቻቸው ይንቀሳቀሳሉ። ልብ በል፤ በ2022 አዲሱ የውድድር ደንብ ሲመጣ ትልቁ ለውጥ የጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የመንቀሳቀሻ ርቀት ከ280 ወደ 350 ሚሊ ሜትር፣ የጎማው ቁመት ደግሞ ከ32 ወደ 37 ኢንች ማደጉ ነበር። ገንዘብ የማይቸግራቸው ሰዎች ደንቡ ሲፈቅድላቸው የወሰዱት እሱን ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ካሶኒውን አውርድ፣ የፊት ፓራፋንጎዎቹን ፍታ፣ ሻንሲውን በሽቦ ብሩሽና በናፍጣ እጠበው። ከዚያ በፊት ምንም ዕቃ አትግዛ። የመሪው ማርሽ ሳጥን በቡሎን የታሰረበትን የሻንሲ ክፍል በደንብ መርምር፤ ወጥ አክስል ያላቸው ሃይሉክሶች፣ በተለይ ትልቅ ጎማ ሲታሰርባቸው፣ እዚያ ጋ ይሰነጠቃሉ። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ስለሆነ በጭቃና በዝገት ሥር ይደበቃል። መኪናው ቆሞ ሳለ ሰው መሪውን ግራና ቀኝ እንዲያዞርልህ አድርግና ጣትህን ብረቱ ላይ አስቀምጥ፤ ብረቱ ሲተነፍስ ከተሰማህ ችግር አለ። ከተገኘ ስንጥቁ የሚያልቅበትን ጫፍ በትንሽ ድሪል ብሳው፣ ከዚያ ብየደውና ላዩ ላይ የሚደገፍበት ላሜራ ጨምር። በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል፤ እሱን በግራይንደር አትንካ፣ በብየዳም አታሙቀው። ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ብረቱ ላይ ካልተነበበ ነገ መኪናውን መሸጥም ስሙን ማዛወርም ጣጣ ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ። አብዛኛው ሰው መኪና ከፍ ማድረግ ማለት ባሌስትራ መጨመር ይመስለዋል። ባሌስትራ ሠሪው ጋ ሄደህ «ለውድድር ነው» ስትለው፣ ልማዱ ጭነት ነውና ሁለት ሦስት ወፍራም ቅጠል ይጨምርልሃል። መኪናው ይቆማል፣ ያምራል፣ ግን አይታጠፍም። እንዲህ ያለ መኪና ጉድጓድ ሲገባ ጎማው አይወርድም፣ ጉብታ ላይ ሲወጣ ደግሞ ኋላውን ያስወነጭፈዋል። የሚያስፈልግህ ተቃራኒው ነው፤ ረዘም ያሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ቁጥራቸው በዛ ያለ ቅጠሎች። ጫፎቻቸው በግራይንደር ተስለው፣ እርስ በርስ ሲንሸራተቱ እንዳይነክሱ ግራሶ ተቀብተው ይገጠሙ። ባሌስትራ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አትበይድ። ያ ብረት ካርቦኑ ብዙ ስለሆነ የተበየደበት ቦታ ጠንክሮ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፤ የሚሰበረውም ግቢ ውስጥ ሳይሆን በፍጥነት ላይ ነው።

ባሌስትራውን ከማዘዝህ በፊት ግን ጎማው የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ማወቅ አለብህ። እኛ ጋ ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደው ይህ ነው፤ የሚቆጨኝ አንድ ቀን እንኳን የለም። ሻንሲውን በጠንካራ መቆሚያ ላይ አሳረፍነው፤ ክሪክ ላይ ብቻ ተሰቅሎ ከሥሩ የሚገባ ሰው አንድ ቀን ቤተሰቡን ያስለቅሳል። ባሌስትራዎቹን ፈትተን ጎማዎቹን መልሰን አሰርናቸውና አክስሉን በክሪክ ብቻ ያዝነው። ከዚያ አንዱን ጎማ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ፣ ሌላውን እስከ መጨረሻው ወደ ታች። መሪውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ጎን። በየደረጃው በሜትር እየለካን ሻንሲው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግን።

ሥዕል ላይ የማይታይ ነገር ሁሉ ያኔ ይወጣል። ግራ ጎማው ወደ ላይ ሲሄድ ጎኑ የባሌስትራውን ማቀፊያ ቡሎን ነካ። አክስሉ ሲወርድ ወደ ፊት የሚሄደው ዘንግ ክሮቼራው፣ ማለትም መታጠፊያ መገጣጠሚያው፣ ላይ ከሚችለው በላይ ታጥፎ ተነከሰ። የፍሬኑ ጎማ ቱቦ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፤ ይህን ሳናይ ወጥተን ቢሆን በመጀመሪያው ዝላይ ፍሬን የለም ማለት ነው። በሞተሩ የዘይት ቋትና በዲፈረንሻሉ እብጠት መካከል የቀረችው ክፍተት አንድ ጣት አታስገባም ነበር። ስለዚህ አክስሉ ወደ ላይ ሲሄድ የሚያቆመውን የላስቲክ ማቆሚያ ዝቅ አድርገን በየድነው፣ ወደ ታች ሲወርድ የሚያቆመው ጠንካራ የሸራ ቀበቶም አሰርን። ይህ ቀበቶ የግድ ነው። ከሌለ አክስሉን አየር ላይ አንጠልጥሎ የሚይዘው አሞርዛተሩ ይሆናል፤ አሞርዛተር ደግሞ ለዚያ አልተፈጠረምና ከሥሩ ይነቀላል።

አሞርዛተር ላይ ገንዘብ አትቆጥብ። ሥራው የባሌስትራውን ንዝረት ወደ ሙቀት መለወጥ ነው፤ ሙቀቱ ሲበዛ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ከአየር ጋር ተቀላቅሎ አረፋ ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ መኪናው እንደ ልቡ ይዘላል። ተራው ባለ ሁለት ቱቦ ዓይነት ለከተማ ጥሩ ነው፣ በፍጥነት ኮረኮንች ላይ ግን ቶሎ ይሸነፋል። ናይትሮጅን ጋዝ የተሞላበትን ባለ አንድ ቱቦ ዓይነት፣ ከተቻለ ተጨማሪ የዘይት ቋት ያለውን ፈልግ። ከውጭ ሰው ካስመጣህ ርዝመቱን በግምት አታዘዝ፤ ሻንሲው ላይ በጠመኔ ያሰመርከው ልክ እኮ ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የማልደራደርበት ጉዳይ ጋቢናው ውስጥ የሚገባው የብረት ቀፎ፣ ሮል ኬጅ የሚሉት ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ በውኃ ቧንቧ የተሠራ አይቻለሁ፤ ቀለም ሲቀባ ያምራል፣ ፎቶ ላይም ይወጣል። መኪና ሲገለበጥ ግን የቧንቧው የጎን ስፌት ሊከፈት ይችላል። ዚንክ የተቀባው ከሆነ ደግሞ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጥሃል። የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ደንብ ለዋናው ቅስት የሚጠይቀው ስፌት የሌለው፣ ውፍረቱ 2.5 ሆኖ የውጭ ስፋቱ 45 ሚሊ ሜትር፣ ወይም 2 ሆኖ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ ነው። ለሌሎቹ ክፍሎች 38 በ2.5 ወይም 40 በ2 ይበቃል። መታጠፊያው ሳይሞቅ በማጠፊያ መሣሪያ መሠራት አለበት፣ የክቡ ሬዲየስም ከቱቦው ስፋት ሦስት እጥፍ ማነስ የለበትም። አሸዋ ሞልቶ በእሳት ማጠፍ የለመድነው ዘዴ ለበር መከታ ጥሩ ነው፣ ለዚህ ግን አይሆንም፤ ቱቦው በውጭ በኩል ይሳሳል፣ በውስጥ በኩል ይጨማደዳል።

የሃይሉክስ ወለል ስስ ላሜራ ስለሆነ ቀፎውን በቀጥታ እሱ ላይ ብታቆመው ሲገለበጥ ወለሉን በስቶ ይወርዳል። ከእግሩ ሥር ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 120 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳህን ይግባ። የመቀመጫ ቀበቶው የትከሻ ማሰሪያ ከትከሻህ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ይሂድ፤ ወለል ላይ ከታሰረ በግጭት ጊዜ አከርካሪህን ወደ ታች ይጨፈልቀዋል።

ብየዳውን በተመለከተ፣ የገበያው ተራ ኤሌክትሮድ 6013 ለላሜራ ይሆናል። ለሻንሲና ለቀፎ 7018 ምረጥ፤ ግን እሱ እርጥበት ጠላቱ ነው። በክረምት፣ ያውም ሐይቅ ዳር፣ ፓኬቱን ከፍተህ መደርደሪያ ላይ ካሳደርከው የሚስበው እርጥበት ብየዳው ውስጥ ሃይድሮጂን ሆኖ ይገባና ብረቱ ከቀናት በኋላ ይሰነጠቃል። ፋብሪካዎቹ የተከፈተውን ከ120 እስከ 150 ዲግሪ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ አቆዩት ይላሉ። ይህ ከሌለህ ለዚያ ቀን የሚበቃህን ትንሽ ፓኬት ብቻ ክፈት፤ ከተቻለም ብየዳውን ለበጋ አቆየው። ማታ የሰፈሩ መብራት ሲደክም ማሽንህም ይደክማል፤ ያኔ የተበየደው ላዩ ያማረ፣ ሥሩ ያልገባ ይሆናል። እኛ የቀፎውን ብየዳ የሠራነው በጠዋት ነው። ማሽኑን ከማስነሳትህ በፊት የባትሪውን ሁለት ገመዶች ፍታ።

ስለ ማቀዝቀዣው አጭር ነገር ልበል። በእኛ ከፍታ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ እንዳይፈላ የሚከለክለው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ካረጀ ቀይረው፤ ብዙ ሰው ራዲያተር ቀይሮ የሚያጣው መፍትሔ እዚያች ክዳን ላይ ነው። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ገንዘብ ከተረፈህ ቱርቦ አስብ፤ ለከፍታችን ከትልቅ ቤንዚን ሞተር ይሻላል፣ ፊቱንም ብዙ አያከብደውም።

የት እንደምትሞክረው አልጠየቅህም፤ እኔ ግን ልናገር። ፎገራ ሜዳ ሰፊ ነው ብለህ ክረምት ላይ አትግባ። ዋልካው ጎማውን ሞልቶ ለስላሳ ያደርገዋል፣ አንዴ ከሰመጥክ በትራክተር ነው የምትወጣው። በጋ ላይም ቢሆን የሰው ማሳና የከብት ግጦሽ ነው፤ ባለቤቱን ሳታስፈቅድ አትግባ። የሐይቁን ዳር ተወው። ጣና ከ2015 ጀምሮ፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ደንገሉ ውስጥ የሚንጠባጠበው የሞተር ዘይት ለማንም አይበጅም። መኪናው እንዲህ ከተቀየረ በኋላ ለቦሎ ምርመራ አቅርቤ በከተማ እነዳዋለሁ ብለህ አታስብ፤ ወደ መሞከሪያው ቦታ በአይሱዙ ጭነህ ውሰደው።

ለጊዜው ከአንተ የምፈልገው የመሪው ሳጥን የታሰረበትን ቦታ ከታጠበ በኋላ ከውጭም ከውስጥም የተነሣ ፎቶ፣ መኪናው ባዶውን ሲቆም ደግሞ ከፊት አክስሉ ቱቦ እስከ ሻንሲው ሥር ያለው ርቀት በግራና በቀኝ ተለክቶ ነው። በሁለቱ መካከል ልዩነት ካለ ባሌስትራው ብቻ ደክሞ ነው ወይስ ሻንሲው ተጣሞ የሚለውን ለይተን ሳናውቅ ምንም ዕቃ አታዝዝ።