ጌሾዬ ምሬቱን ለምን አጣ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምኖረው ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ነው። ባለፈው ዓመት አገር ቤት መጥቼ ሁለት ኪሎ የተወቀጠ ጌሾ ይዤ ተመለስኩ፤ በፌስታል አስሬ ወጥ ቤት መስኮቱ ላይ አኖርኩት። የመጀመሪያው ጠላ ግሩም ነበር። ዘንድሮ በሰኔ ለልጄ ክርስትና የጠመቅኩት የስንዴ ጠላ ግን ምሬት የሌለው፣ ኮምጣጣ ሆነብኝ። በቤቱ የስንዴ ቢራ የሚጠምቅ ጀርመናዊ ባልደረባዬ በጌሾ ፋንታ ብሎ የሃለርታው ሆፕስ (ቢራን የሚያመርር አበባ፤ ሃለርታው የሚበቅልበት የጀርመን አካባቢ ነው) ሰጠኝ። ጥንስሱ ላይ ልጨምረው? ጌሾስ እንዴት ይቀመጣል?

መልስ፦ ልጄ፣ ሕፃኑን እግዚአብሔር ያሳድግልህ።

ጌሾህ የተጎዳው ተወቅጦ ስለተቀመጠ ነው። ቅጠሉ ሙሉ ሳለ ጉልበቱን ይዞ ይቆያል፤ ከተወቀጠ በኋላ አየሩም ብርሃኑም እያንዳንዷን ቅንጣት ያገኛታል። አንተ ደግሞ መስኮት ላይ አኖርከው። ጌሾ ለምሬት ብቻ አይገባም፤ ጠላውን የሚያኮመጥጡትን ተህዋስያንም ያዳክማል። መኮምጠጡ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

እኔም ልጅ ሳለሁ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ለጊዮርጊስ ማኅበር ተራችን የተሰበሰበውን ጌሾ በደንብ ሳይደርቅ ፌስታል ውስጥ ጠቅጥቄ አስሬው ነበር። እናቴ ስትፈታው ሽታው ብቻ በቃት። ሙሉውን ደፋችው፤ በበዓሉ ዋዜማ ከጎረቤት ተበደርን። ከዚያ ወዲህ ጌሾ የማስጣው ጥላ ላይ ነው፤ ፀሐይ አረንጓዴውን ታነጣዋለች። ስጨብጠው ኮሽ ብሎ ካልተሰባበረ አላስርም። የማኖረውም በወረቀት ጠቅልዬ፣ ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ፣ ከምድጃ ርቆ ጨለማ ቦታ ነው። የምወቅጠው በምጠነስስበት ቀን ብቻ ነው።

ስትገዛ ሙሉ ቅጠል ይሁን። አረንጓዴነቱ ያለቀቀውን ምረጥ፤ ቡናማ የሆነው ከርሟል። አንዲት ቅጠል አኝክ፦ ምሬቱ ቶሎ መጥቶ ምላስህ ላይ ካልቆየ ተወው። እንጨቱን ለጠጅ አስቀምጠው፤ ለስንዴ ጠላ ቅጠሉ ይበልጣል።

አሁን ወደ ሆፕሱ። በአንድ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ 19 ዓመት ስለሠራሁ ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ጌሾ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን ሰንብቶ ምሬቱን ይለቃል። ሆፕስ እንዲህ አይደለም። አልፋ አሲድ የሚባለው ነገሩ ካልፈላ በቀር መራራ ሆኖ በውሃ አይሟሟም፤ አንድ ሰዓት ያህል መንተክተክ ይፈልጋል። ጥንስስህ ላይ እንዲሁ ብትበትነው የአበባ ሽታ ታገኛለህ እንጂ የጌሾን ምሬት አታገኝም። ስለዚህ አትጨምረው።

ይልቅ ባልደረባህን ጠይቀውና አብራችሁ የስንዴ ቢራ ጥመቁበት። በጀርመን የስንዴ ቢራ ብቅል ቢያንስ ግማሹ የስንዴ ነው፤ የሚወደደውም ከእርሾው የሚመጣው የሙዝና የቅርንፉድ ሽታ ስለሆነ ሆፕሱ ጎልቶ መውጣት የለበትም። የሆፕሱ ዓይነት ሃለርታው ሚተልፍሩ የሚባለው ከሆነ፣ አልፋ አሲዱም 4 በመቶ አካባቢ ቢሆን፣ ለ20 ሊትር 25 ግራም ይበቃል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የአልፋ መጠንና የምርት ዓመት አንብብ። የተረፈውን አየሩን አስወጥተህ አሽገህ በረዶ ቤት ክተተው። ያረጀ አይብ ከሸተተህ ጊዜው አልፏል።

ጠላህን በተመለከተ፣ ለእናንተ ሰመር የሚስማማው ቀለል ያለ ነው። አሻሮውን ወርቅማ ሲሆን አውርደው፤ ከጠቆረ የስንዴው ጣዕም ይሸፈናል። እኔ ለሁለት እጅ ብቅል አንድ እጅ የተወቀጠ ጌሾ እጨምራለሁ፤ ለስንዴ ትንሽ አጉድዬ።

የቀረህን የጌሾ ዱቄት ቅመሰው። ምሬት ካለው መጠኑን አንድ ተኩል እጥፍ አድርገህ በቶሎ ጨርሰው፤ ሻጋታ ከሸተተህ ግን እንደ እናቴ ድፋው።